ካርዱ በባልም ስም ይውጣ

(ደሴ ላይ ለባለትዳሮችና ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም።

በቅድሚያ ወንዶቹን ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሴቶቹ እንደሚመጡ አልተጠራጠርኩም። የልጅ ነገር በተነሳበት ሁሉ ቀድመው የሚገኙት እነሱ ናቸው፤ ሐኪም ቤትም፣ ጠበልም፣ ዱዓም። ዛሬ ግን ወሬው ስለ ወንዱ ነው። ወደ በሩ ተጠግታችሁ የተቀመጣችሁ አይዟችሁ፣ ማንንም አስነስቼ አልጠይቅም።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። መድኃኒት አላዝም። ሥራዬ በማይክሮስኮፕ ማየትና ያየሁትን መጻፍ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ዓመት ከዓመት የማየው አንድ ነገር አለ፤ የመጣሁትም እሱን ለመናገር ነው። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ካርዱ በሁለቱም ስም ይውጣ። እንዲያውም ከተቻለ የባልየው ምርመራ ይቅደም።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሚስት ወፍራም ፋይል ይዛ ትመጣለች። ስትከፍቱት አልትራሳውንድ አለ፣ ያውም በየሐኪሙ የተደጋገመ። የሆርሞን ምርመራ አለ። የማህፀን ቱቦ ራጅ አለ። ይህኛው ፈሳሽ በማህፀን በር እየተገፋ የሚነሳ ራጅ ነው፤ ያለፉበት ሴቶች ገና ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይለዋወጣል። የተለያየ ኪኒን ተውጧል። ከዚያ ሐኪሙ "የባለቤትሽ ውጤትስ?" ሲላት "እሱ ደህና ነው" ትላለች። በምን ታወቀ? "ታሞ አያውቅም።"

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከ6 ሰው አንዱ በሕይወቱ ውስጥ ልጅ የማጣት ወይም የመዘግየት ችግር ይገጥመዋል። እንዲህ ካጋጠማቸው ጥንዶች ደግሞ በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ጉዳይ አለበት። አንዳንዴ የሱ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም በኩል ትንሽ ትንሽ ይገኛል። ነገሩ እኩል በእኩል ሆኖ ሳለ ምርመራው ግን ሁሉ በአንድ ወገን ይወድቃል።

የሚያሳዝነው ደግሞ የወንዱ ምርመራ፣ ማለትም የዘር ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ቀላሉ መሆኑ ነው። መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይደርሳል። ዋጋውም ሚስትየዋ እስካሁን ካወጣችው ጋር አይተያይም። እሷ ሁለት ዓመት ከተንከራተተች በኋላ ባልየው "እስቲ ለማንኛውም" ብሎ ይመጣል፤ ሲታይ ስፐርም፣ ማለትም የወንዱ የዘር ሕዋስ፣ የለም። ሁለት ዓመት! እሷ 33 ሆና ጀምራ 35 ሞልቷታል። የሴት ልጅ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

ሌላም መዘዝ አለው፤ ታውቁታላችሁ። አማት ታጉረመርማለች። ጎረቤት "ምነው ዝም አላችሁ?" ይላል። ከዚያ "ሌላ አግባ" ይመጣል። ሁለተኛዋም ሳትወልድ ስትቀር ጥፋቱ ወደሷ ይዞራል። ሰውየው ግን እስካሁን ላብ፣ ማለትም ላቦራቶሪ፣ አልገባም። ለመውቀስ አይደለም የምለው። ብዙው ወንድ እንዲህ ያለ ምርመራ መኖሩንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ደግሞ ይፈራዋል።

መቼ ልሂድ ለሚል፦ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው እርግዝና ካልመጣ ነው። ይህ አንድ ዓመት ግን አብሮ የተኖረ ዓመት ነው። ወሎ ላይ ይህን አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር በወር ስንት ሌሊት ቤቱ ያድራል? ባል ሳዑዲ ሆኖ በሁለት ዓመት አንዴ ለወር የሚመጣ አለ። እሷ ቤሩት፣ እሱ ሐይቅ የሆኑም አሉ። "ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው" ይሉኛል፤ አብረው ያደሩበት ሲቆጠር አራት ወር አይሞላም። ለነዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው አብሮ መኖር ነው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ መገናኘት። ማይክሮስኮፑ የትም አይሄድም።

ሴቷ 35 ካለፋት ዓመት አይጠበቅም፤ 6 ወር ይበቃል። ባልየውም በልጅነቱ ቆለጡ ያልወረደ ከነበረ፣ የካንሰር መድኃኒት ከወሰደ፣ ወይም ካደገ በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ ከነበረ ቀን አይቁጠር፣ ቀድሞ ይመርመር።

አሁን ወደ አሳፋሪው ክፍል እንምጣ። ናሙናው የዘር ፈሳሽ ነው፤ የሚገኘው በግለ ወሲብ ነው። ይኸው አልኩት። አንዳንዱ ወጣት ዕቃውን ሲቀበለኝ ጣራ ጣራውን ያያል። አንዳንዱ "ከደም አይታወቅም እንዴ?" ይለኛል። አይታወቅም። ከሽንትም አይታወቅም።

ሐፍረቱ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስፐርምን በማይክሮስኮፕ አይቶ ለዓለም ያስታወቀው የሆላንድ ሰው ነው፤ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1677። ያየውን ለንደን ላሉ ሊቃውንት ሲጽፍ ናሙናው በኃጢአት የተገኘ ሳይሆን ከሚስቱ ጋር ከነበረው ግንኙነት የተረፈ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆኖበታል። ጽሑፉ የሚያስቀይም ከመሰላቸው እንዲያስቀሩትም ለምኗል። ይኸው ከ340 ዓመት በላይ አለፈ፤ ደሴ ላይ የሚመጣው ሰውም "ሰው እንዳያውቅብኝ" ነው የሚለኝ።

ከሃይማኖት አንጻር የሚከብደው ሰው አለ፤ እረዳለሁ። ሚስት አብራ ገብታ ማገዝ ትችላለች። ለዚሁ ምርመራ ተብሎ የተሠራ፣ ስፐርም የማይገድል ልዩ ኮንዶምም አለ፤ ከተገኘ ቤት ውስጥ በግንኙነት ጊዜ ይወሰዳል። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ኮንዶም ግን አይሆንም። ላስቲኩም ቅባቱም ስፐርሙን ይጎዳዋል። ለሕክምና ሲሆን ይፈቀዳል ወይ ለሚለው የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼካችሁን ጠይቁ። ከኔ ፈትዋ አትጠብቁ።

የጾሙን ጉዳይ ግን እኔም እመልሰዋለሁ፤ ከውጤቱ ጋር ይያያዛልና። ከምርመራው በፊት ከግንኙነት የሚታቀቡት ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ከ2 ካነሰ ፈሳሹም ቁጥሩም ያንሳል። ከ7 ከበለጠ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ነገር ግን ያረጀና የሞተ ይበዛበታል፣ እንቅስቃሴው ይደክማል። አሁን አስቡት፤ ዓቢይ ጾምን 55 ቀን ከሚስቱ ርቆ የቆየ ሰው በፋሲካ ማግስት ናሙና ይዞ ሲመጣ ምን እንደምናይ። ፋሲካን በደንብ ያክብር፣ ከዚያ ቀኑን ቆጥሮ ይምጣ። ረመዳን ላይ ደግሞ ላብ የሚከፈተው ቀን ነው፤ ቀን ናሙና መስጠት ጾም ያፈርሳል። ከዒድ በኋላ አድርጉት። በአንድ ወር የሚበላሽ ነገር የለም።

ናሙናው ሲሰጥ ዕቃው ከላቡ የተሰጠ ንጹሕና አፈ ሰፊ ይሁን። የመድኃኒት ብልቃጥ አጥቦ ማምጣት አይሆንም። ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ምራቅ አይነካው። ሁሉም ፈሳሽ ዕቃው ውስጥ ይግባ፤ በተለይ መጀመሪያ የሚወጣው፣ አብዛኛው ስፐርም ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከፈሰሰ "ፈሰሰብኝ" በሉ። ዝም ካላችሁ ወረቀቱ ላይ "ቁጥሩ አነስተኛ" ተብሎ ይጻፍና ሌሊቱን ስትገላበጡ ታድራላችሁ። ናሙናው የወጣበትን ሰዓትም ጻፉ።

እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። ሽንት ቤት ግቡ ተብላችሁ ከሆነ የሚቆለፍ ክፍል ጠይቁ፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። በር እየተንኳኳ የሚሆን ነገር አይደለም። እዚያ አልሆን ካለ ግን ናሙናው ከቤት ይመጣል፤ ቢቻል በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ። በመንገድ ላይ ከ20 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም፣ ከሰውነት ሙቀትም መብለጥ የለበትም። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ናሙናውን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ በባጃጅ፣ ንፋስ እየመታው የሚመጣ ሰው ደርሶ ሲታይ ስፐርሙ ሁሉ ፈዟል። ብርዱ ነው ያፈዘዘው። ዕቃው በደንብ ተከድኖ ልብሳችሁ ውስጥ፣ ከገላችሁ ጋር ይሁን። ፍሪጅም አይገባም። ባቲና ከሚሴ ላላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ የሚመጣ ሰው መናኸሪያ ላይ መኪና እስኪሞላ ከጠበቀ ሰዓቱ አበቃ። እሱ እዚሁ መጥቶ ይስጥ።

ከዚያ በኋላ ያለው የኛ ሥራ ነው። ፈሳሹ እንደወጣ የረጋ ነው፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይቀጥናል፤ እስከ አንድ ሰዓት የሚቆይም አለ። መጠኑ ይለካል። ጠብታው ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የሚንቀሳቀሰው፣ ባለበት የሚንቀጠቀጠው፣ የማይነቃነቀው ይለያል። ቁጥሩ የሚቆጠረው የደም ሴል በምንቆጥርበት በመስመር በተከፋፈለ መስታወት ላይ ነው። በደንብ ከተሠራ ባለሙያው 200 ስፐርም ይቆጥራል፤ ከዚያ ሌላ 200 ቆጥሮ ያመሳክራል። ጊዜ ይፈልጋል። ናሙና ሰጥታችሁ ሻይ ሳትጨርሱ ውጤት ከተሰጣችሁ ጠርጥሩ።

አሁን ወረቀቱ እጃችሁ ገባ እንበል። ሰው የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ ዝቅተኛ ተብለው የተቀመጡት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የፈሳሹ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 16 ሚሊዮን ስፐርም። በጠቅላላው 39 ሚሊዮን። የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ፣ ከጠቅላላው ወደፊት የሚጓዘው 30 በመቶ። በሕይወት ያለው 54 በመቶ። ቅርጹ የተስተካከለው 4 በመቶ። አንዳንድ ላብ ወረቀት ላይ አሁንም 20 ሚሊዮን የሚል ታያላችሁ፤ የድሮው መስፈርት ነው።

የመጨረሻውን ቁጥር ልድገመው፤ 4 በመቶ። ወረቀቱ ላይ "ቅርጹ የተበላሸ 94 በመቶ" የሚል አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ያ ሰው ጤነኛ ነው። የወንድ ልጅ ስፐርም አብዛኛው ጭንቅላቱ የተንጋደደ ወይም ጅራቱ የተጠማዘዘ ነው። ተፈጥሮው ነው። ሚስቱ ያረገዘችለት ሰው ናሙናም እንዲሁ ነው የሚታየው።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው። በ12 አገሮች ከ3,500 በላይ አባቶች ናሙናቸው ታይቶ፣ ከመቶው ዝቅተኞቹ 5 የቆሙበት ላይ መስመር ተሰመረ። አባት ሆነውም ከመስመሩ በታች የሆኑ አሉ ማለት ነው። ስለዚህ 12 ሚሊዮን የተጻፈበት ሰው "አትወልድም" አልተባለም። ጊዜ ሊወስድበት ይችላል፣ ምክንያቱ ይፈለግ ማለት ነው። በተቃራኒው ሁሉም ቁጥር ያማረለት ሰውም ዋስትና አልተጻፈለትም።

በአንድ ወረቀት ደግሞ ማንም ላይ አይፈረድም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ የሳምንታት ልዩነት ኖሮት ይሠራ። የአንድ ሰው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ከፍና ዝቅ ይላል። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ማይክሮስኮፕ ሥር የማየው ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር በፊት የተጀመረውን ነው። ለምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ ኅዳር ላይ ቆቦ ወይም ጨፋ ወርዶ ወባ የያዘው ሰው ታኅሣሥ ላይ ቢመረመር ውጤቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ትኩሳቱ ነው ምክንያቱ። ቆለጥ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው ከተቀረው ሰውነት 2 እስከ 4 ዲግሪ ቀዝቀዝ ብሎ መሥራት ስላለበት ነው። ታይፎይድም፣ ኃይለኛ ጉንፋንም እንደዚያው። ባለፉት ሦስት ወራት ታማችሁ ከነበረ ሳትጠየቁም ተናገሩ።

ዜሮ የተባለስ? ይህ ከባድ ዜና ነው፤ አላቃልለውም። ግን ዜሮም ይጣራል። ናሙናው ማሽን ላይ በኃይል ተሽከርክሮ ከሥር የሚዘቅጠው መታየት አለበት፤ አንዳንዴ እዚያ ውስጥ ጥቂት ይገኛሉ። ከዚያም በሌላ ቀን ይደገማል። ሳይሽከረከር አንዴ ብቻ ታይቶ "የለህም" የተባለ ሰው ካለ ውጤቱን አላለቀም ይበል።

እውነተኛ ዜሮ ሲሆን ጥያቄው ሁለት ነው፤ አልተሠራም ወይስ ተሠርቶ መውጫ አጥቷል? ለዚህ ሐኪም በእጁ ይመረምራል፣ የጠዋት ደም ተወስዶ ቴስቶስትሮንና ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን ይለካል። ቆለጡ አንሶ ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ ማምረቻው ላይ ችግር አለ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ መንገዱ ሳይዘጋ አልቀረም። ፈሳሹ በጣም ጥቂት ከሆነ ደግሞ ቱቦው ከተፈጥሮ አለመኖሩ ወይም ፈሳሹ ወደ ፊኛ መመለሱ ይታሰባል። ይህ ሁለተኛው የቆየ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ይታያል፤ ከግንኙነት በኋላ የሚወጣው ሽንት ሲታይ ስፐርሙ እዚያ ይገኛል። ሲወለዱ አንድ ክሮሞዞም የተጨመረባቸውም አሉ፤ ቁመናቸው ሙሉ፣ ኑሯቸው እንደማንኛችንም ነው፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ልጅ ሲፈልጉ ነው።

"በእጁ ይመረምራል" ያልኩትን አትለፉት። ብዙ ወንድ ናሙና ሰጥቶ፣ ወረቀት ተቀብሎ፣ ኪኒን ታዞለት ይመለሳል። ሱሪውን አውልቆ የታየ ጥቂት ነው። እግር ላይ ደም ሥር እንደሚገተረው የቆለጥ ደም ሥርም ይገተራል፤ ቫሪኮሲል ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ በግራ በኩል ነው። ከመቶ ወንድ 15 ያህሉ አለበት፤ ልጅ ከዘገየባቸው ግን ከመቶ ወደ 40 ይጠጋል። ሐኪሙ ሰውየውን አቁሞ፣ አስሎ፣ በጣቱ ያገኘዋል። በጣት ከተገኘና የስፐርሙ ውጤት ዝቅ ካለ ኦፕራሲዮን ሊጠቅም ይችላል። በአልትራሳውንድ ብቻ የታየ ጥቃቅን ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ መነካት አያስፈልገውም። "ደም ሥር ተገኝቶብሃል፣ ነገ እንቅደድህ" ከተባላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ጨብጥና ክላሚዲያ የሚባለው ሌላው የአባላዘር በሽታ በጊዜ ካልታከሙ የስፐርሙን ቱቦ ሊዘጉት ይችላሉ። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ከፋርማሲ በጓደኛ ምክር ተገዝቶ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ሕመሙን አስታግሶ በሽታውን እንዳለ ሊተወው ይችላል። ይህን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ከሚስታችሁ ፊት ካፈራችሁ ለብቻ አነጋግሩት።

ጫትስ? ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም። በየመን አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ቁጥሩም እንቅስቃሴውም ቀንሶ አግኝቷል። ጥናቶቹ ሁሉ እኩል አይስማሙም። ግን ጫት ብቻውን አይመጣም። ሲጋራው አለ፣ ሌሊቱን ማደሩ አለ፣ ማታ ላይ ጨብሲው አለ። ሲጋራ ስፐርምን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። የአልኮል ብዛትም እንዲሁ። ሦስት ወር ትታችሁ ተመርመሩ፤ ቢያንስ ውጤታችሁን በንጹሕ ታያላችሁ።

ጂም ለምትሠሩ ወጣቶች አንድ ነገር ልናገር፤ ይህን የሚነግራችሁ ያለ አይመስለኝም። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጋው ቴስቶስትሮንና መሰሎቹ ስፐርም ማምረቻውን ያስቆሙታል። አንጎል ከውጪ ሆርሞን ሲገባለት "በቂ አለ" ብሎ ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ከውጪ ስታዩት ልጁ ግድንግድ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ሥር ባዶ ነው። ሲያቆሙት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፤ ከዚያም የሚቆይ አለ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ልጅ አጥቶ ለሄደ ሰው "ወንድነትህ ይጠንክር" ተብሎ ይኸው መርፌ ሲሰጠው ነው። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን አይወጋም።

እግረ መንገዴን፣ ስንፈተ ወሲብና ይህ ጉዳይ ለየቅል ናቸው። አልጋ ላይ ጎበዝ የሆነ ሰው ስፐርም ላይኖረው ይችላል። አልጋ ላይ የሚቸገረው ደግሞ መቶ ሚሊዮን ሊኖረው ይችላል። "እኔ ምን ጎሎኝ" የሚለው ወንድ ሁሉ የሚመልሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነው። ቪያግራም ስፐርም አይጨምርም።

ሕክምናውን በአጭሩ ልለፈው፤ የሐኪሞቹ ነው። ኢንፌክሽኑ ይታከማል፣ ደም ሥሩ ይታሠራል፣ ለቆለጥ ትእዛዝ የሚያደርሰው የአንጎል ሆርሞን የጎደለው ይተካለታል፤ ቴስቶስትሮን ማለቴ አይደለም። ምክንያቱ የማይገኝም ብዙ ነው። ቁጥሩ በጣም ላነሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራሰልስ ላይ የተገኘ ዘዴ አለ፤ አንድ ስፐርም በቀጭን መርፌ ተይዞ እንቁላል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ሚሊዮን መቁጠር የግድ አልሆነም። መንገዱ የተዘጋበት ሰውም ከቆለጡ በመርፌ ሊወጣለት ይችላል። በአገራችን አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ የግልም አሉ። ወጪውና እንግልቱ ቀላል አይደለም፤ አልሸነግላችሁም። ለዚህ ነው እዚህ ደሴ ላይ የሚያልቀውን እዚሁ ጨርሱ የምለው። የባልየው ሁለት ውጤት ሳይያዝ አዲስ አበባ መሳፈር የመኪና ገንዘብ ማባከን ነው፤ እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጠበሉን ተዉ አላልኩም። ግሸን የሚወጣ ይውጣ፣ ወዳጃ የሚቀመጥ ይቀመጥ፣ ዱዓው ይደረግ። የናሙናውን ዕቃ ይዞ ላብ መግባት ከዚያ ጋር አይጣላም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄዎች ተነሡ። የተወሰኑትን ከመልሳቸው ጋር አስቀምጫለሁ።

አንድ ጎልማሳ፦ "እኔ ከመጀመሪያዋ ባለቤቴ ሁለት ልጅ አለኝ። ልመርመር ነው የምትለኝ?"

አዎ፣ ጋሼ። ያኔ መውለድዎ ያኔ ደህና እንደነበሩ ነው የሚናገረው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ አለ፣ በመሀል የያዘዎት በሽታ አለ፣ ደም ሥሩም በጊዜ ብዛት ሊገተር ይችላል። አሁን ያለችውም ባለቤትዎ ፋይሏን ብቻዋን አትሸከም።

አንዲት ሴት፦ "ባሌን አሥሬ ነግሬው አልሄድም ብሏል። ምን ላድርግ?"

እህቴ፣ "አንተ ነህ ችግሩ" ከሚል ጀምረሽ ከሆነ በሩ ተዘግቷል። ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ "አጅበኝ" በይው፤ ያጅብሻል። ሐኪሙ ራሱ ለሁለታችሁም ማዘዣ ይጻፍ፤ ብዙ ወንድ ከሚስቱ ይልቅ የሐኪም ወረቀት ይሰማል። ውጤቱ የሱ ነው፤ ለሱ ነው የሚሰጠው። እናቱም ወንድሙም አይሰሙትም። ይህን ቀድሞ ካወቀ ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል።

አንድ ወጣት፦ "ከማግባቴ በፊት ልመርመር?"

ምክንያት ከሌለህ አያስፈልግህም። ቅድም የዘረዘርኳቸው፣ ያልወረደ ቆለጥ፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ቆለጥ ያሳበጠ ጆሮ ደግፍ፣ ካሉብህ ግን ተመርመር፤ ውጤቱንም ለምታገባት ልጅ ንገራት። ከዚህ ሌላ ገላህን ስትታጠብ ቆለጥህን በጣትህ ዳስስ። የማያም ጠጣር እብጠት ካገኘህ ልጅ መውለድ አለመውለዱን ተወውና በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ። የቆለጥ ካንሰር በብዛት የሚይዘው ወጣቶችን ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

የመጨረሻዋ ጠያቂ እናት ነበሩ፦ "የልጄ ልጅ አራት ዓመቱ ነው። አንደኛው ፍሬው አልወረደም። 'ሲያድግ ይወርዳል' ብለውናል። እውነት ነው?"

እማማ፣ እስከ 6 ወር ድረስ ራሱ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ አይጠቅምም። ኦፕራሲዮኑ የሚመከረው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ ሆድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ሙቀቱ ይጎዳዋል፤ ኋላም የካንሰር ስጋት አለው። አራት ዓመት ዘግይቷል፤ ግን አልረፈደም። ማታ በሙቅ ውሃ ሲያጥቡት ይዩት። ያኔ ወደ ታች ወርዶ ከታየ ብርድ ሲነካው የሚሸሸግ ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለሐኪሙ ይንገሩት። በሙቅ ውሃም ካልታየ በዚህ ሳምንት ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ይውሰዱት። አባቱንም ይዘው ይሂዱ።